78 ሰው የበላው ጸደቀ፤ ማንንም ያልበላው ተረገመ

ነገሩ የተጀመረው በማኪያቶ ነው። እንደ ልማዳችን ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን የሚረባውንም የማይረባውንም ስንሰልቅ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቫምፓየር ላይ ወደቀ። አንዷ ጓደኛችን የ«ትዋይላይት»ን ኤድዋርድ አንስታ አልበቃት አለ። ደም እየጠማው የሚወዳትን ልጅ አልነካም ብሎ የሚሰቃይ ጨዋ ቫምፓየር! ሌላው ደግሞ «እሱማ የልጆች ነው፤ ቫምፓየር ማለት ሌስታት ነው። ክፉም ነው፣ ያሳዝናልም፣ ያስቃልም» አለ። ሦስተኛው ድራኩላን ይዞ ተነሣ። ክርክሩ እንዲህ ሲጋጋል ድምፁን አጥፍቶ ሲያዳምጥ የቆየው የየጁቤው ልጅ ስኒውን አስቀመጠና፣

«ትገርማላችሁ» አለ። «ደም የሚመጥ ሰው ታፈቅራላችሁ። እኛ አገር ቡዳ ነው የተባለ ሰው እንኳን ሊፈቀር፣ ልጁን የሚያገባለት አያገኝም።»

ሳቅን። ከዚያ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባንና ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ የወለደውም ያ ዝምታ ነው። ጥያቄያችን ቀላል ነው፦ ፈረንጅ ደም መጣጩን አሳድጎ አሳድጎ ፍቅረኛ ሲያደርገው፣ እኛ የኛን ከጎረቤታችን አንገት ላይ ማውረድ ለምን አቃተን?

(የጁቤን ለማታውቋት፦ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ ብትቀጥሉ የሚቀበላችሁ የዓባይ በረሃ ነው። ቆይተን እንመለስባታለን።)

ከመቃብር ያመለጠው

ቫምፓየር ከጥንቱ ቆንጆ አልነበረም። የዛሬው ፊቱ የገረጣ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የለዘበ መኳንንት ነው። የድሮው ግን ያበጠ የገበሬ ሬሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1732 የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች ሰርቢያ ውስጥ ሜድቬጃ ወደምትባል መንደር ተልከው ነበር። መንደሩ ውስጥ ሰው በተከታታይ ሞቷል፤ ገበሬውም «የሞቱት እየተነሡ ደማችንን እየመጠጡ ነው» ብሏል። ሐኪሞቹ መቃብር አስከፈቱ። አንዳንዱ ሬሳ ሳይፈርስ፣ ደም አፉ ላይ እንዳለ ተገኘ። አንገቱ ተቆርጦ ተቃጠለ። ሐኪሞቹ ይህንኑ ጽፈው ፈረሙ፤ ጽሑፉም አውሮፓን አዳረሰ። ሬሳ እንደ አፈሩና እንደ ብርዱ ሁኔታ ሳይፈርስ ሊቆይ፣ ሊያብጥ፣ ከአፉም ደም መሰል ፈሳሽ ሊያወጣ እንደሚችል ዛሬ ማንም የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል። ያኔ ግን ማስረጃ ነበር።

ነገሩን ያስቆመችው ንግሥት ናት። እ.ኤ.አ. በ1755 ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟን ጌራርድ ቫን ስዊተንን አማከረች። እሱም ነገሩ ሁሉ ድንቁርና ነው ብሎ ጻፈላት። እሷም ከእንግዲህ መቃብር እየተቆፈረ ሬሳ እንዳይቃጠል በአዋጅ ከለከለች።

ቫምፓየሩ ከመቃብር ሲባረር ወዴት ሄደ? ወረቀት ላይ። እ.ኤ.አ. በ1819 የባይረን ሐኪም የነበረው ጆን ፖሊዶሪ ቫምፓየርን ሎርድ አድርጎ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው። በ1872 አይሪሹ ሸሪዳን ለ ፋኑ ካርሚላን፣ በ1897 ሌላው አይሪሽ ብራም ስቶከር ድራኩላን አመጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ድራኩላን አንዱ «የባዕድ ሰው ፍርሃት ነው» ብሎ ያነበዋል። ሌላው «የበሽታ ፍርሃት ነው»፣ ሌላው «የወሲብ ነው»፣ ሌላው ደግሞ «ጭሰኛውን የሚግጥ ባላባት ነው» ይላል። ካርል ማርክስም ከስቶከር 30 ዓመት ቀድሞ፣ በ1867 በታተመው «ካፒታል» ላይ ካፒታልን ከቫምፓየር ጋር አመሳስሎት ነበር። («ደም መጣጭ» የሚለው ስድብ በ1966ቱ አብዮት ሰሞን የአገራችንን ግድግዳና ሰልፍ ሲያጨናንቅ፣ የሩቅ ዘመዱ ማን እንደሆነ ስንቱ ያውቅ ነበር?)

ትልቁን እርምጃ የወሰደችው ግን አሜሪካዊቷ አን ራይስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1976። ምን አደረገች? ቫምፓየሩ ፊት ቴፕ ሪከርደር አስቀመጠች። መጽሐፉ «ከቫምፓየር ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ» ነው፤ ሉዊ የተባለው ቫምፓየር ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጸጸተው ለአንድ ወጣት ይተርካል። በቃ። ገዳይ መሆኑ አልቀረም፤ ግን አፍ አገኘ። አፍ ያለውን ፍጡር ደግሞ ወይ ትፈርድበታለህ፣ ወይ ታዝንለታለህ፣ ወይ ሁለቱንም ታደርጋለህ። ቫምፓየር የሚወደደው ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ፍርዱ ለእኛ ስለተተወ ነው።

አፍ ያልተሰጠው

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ቡዳ ማለት፣ እንደሚባለው፣ ዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ከሩቅ ሆኖ ደም የሚመጥ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ነው። መድኃኒቱ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት። (አዎ፣ ነጭ ሽንኩርት! ድራኩላም የሚሸሸው እሱኑ ነው። የሰው ልጅ በፍርሃት ጊዜ ወደ ማጀት የሚሮጠው የትም አገር ነው።)

ቡዳ የተባለው ግን ማነው? ሬሳ አይደለም። ባላባትም አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ናት፤ ቆዳ ፋቂው ነው፤ በብዙ ቦታ ሸማኔውም ነው። ጎንደር አካባቢ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆነው የኖሩት ቤተ እስራኤሎችም ይኸው ስም ተለጥፎባቸዋል። አስተውሉ፤ ያለ ማረሻ እርሻ የለም፣ ያለ ማጭድ አጨዳ የለም፣ ያለ ምጣድ እንጀራ የለም። አገሩ በሙሉ የሚበላው እነዚህ ሰዎች በሠሩት ዕቃ ሆኖ ሳለ «በላተኞች» የተባሉት እነሱ ናቸው። «ጠይብ» የምንለው ቃል ራሱ ከ«ጠቢብ» የመጣ ነው። ጥበበኛ ብለን ጀመርነው፤ ስድብ አድርገን ጨረስነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው ስለ ቡዳ ጽፏል። ቀጥቃጮች ጅብ ይሆናሉ መባሉን፣ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይም የወርቅ ጉትቻ ተገኘ መባሉን ይነግረናል። ስለዚህ ጉትቻ ብዙ አስበናል። እውነት ከሆነስ ማን አደረገው? አስፈሪ መባል የጠቀመው ሰው ይሆን? መሬት የሌለው፣ ጋሻ የሌለው፣ ዘመድ የሌለው ሰው የሚከበርበት ብቸኛ መንገድ መፈራት ከሆነ፣ ፍርሃቱን ቢያስታምመው ይፈረድበታል? ይህ ጥያቄ ለአን ራይስ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ይሆናት ነበር።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያሳትም ሁለት ታሪኮች መዝግቦልናል። አንደኛው የቡዳ ዘር ከየት መጣ የሚለው ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይባላል። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ሲላት ፈርታ 15ቱን ደበቀች። እሱም የታዩትን ባረከ፤ የተደበቁትን ረገመ። ከተደበቁት አንዳንዶቹ ቢለምኑት ምሕረት አግኝተው የዱር አራዊት ሆኑ። ሰው ሆነው ከነርግማናቸው የቀሩት ግን የቡዳ አባቶች ናቸው። እናንተዬ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ? የደበቀች እናት፣ የተረገመ ልጅ!

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ፣ አስነሥቶ፣ ቤቱ ውስጥ ለሰባት ዓመት እንደ ባሪያ ያገለግለዋል የሚለው ነው። ይህን ታሪክ ያዙልን፤ የጁቤ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ዋናው ልዩነት ግን እዚህ ላይ ነው። «ቡዳ በላው» የተባለ በሽተኛ ይጨስበታል፤ ያጓራል፤ ይለፈልፋል። «ማነህ? ከየት ነው የያዝከው?» ተብሎ ይጠየቃል። መላሹ ቡዳው ነው ይባላል፤ የሚናገረው ግን በበሽተኛው አፍ ነው። በመጨረሻ ስም ይጠራል። ምናልባት ወባ ነው፤ ምናልባት የነርቭ ሕመም ነው፤ ምናልባት ጭንቀት ነው። የተጠራው ስም ግን የአንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም ነው። ያ ሰው በማግስቱ ተነሥቶ ወናፉን መንፋት፣ ገበያ መውጣት፣ ልጁን መዳር አለበት። የሰርቢያ ገበሬ የቆፈረው ሬሳ ነበር። ሬሳ አይታማም፣ አይገለልም፣ ሴት ልጁ ቆማ አትቀርበትም።

ሉዊ በራሱ አፍ ተናገረ። ቡዳ የተባለው ሰው ግን በሰው አፍ ተናገረ ተብሎ በራሱ ላይ ተፈረደበት። ትርጉም የሚበዛው ባለቤቱ ሲናገር ነው። እዚህ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር።

የበላው ማን ነበር?

የጁቤ ደርሰናል። ዛሬ የየጁቤን ስም የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ግን የጁቤ ላይ የሚቆመው የባሶ ገበያ የጎጃም ትልቅ የነጋዴ መናኸሪያ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከአካባቢው፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ይመጣል። ከዚህ ወገን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይሄዳል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ይህን ገበያ አይቶ ጽፎለታል።

ከሸቀጦቹ አንዱ ደግሞ ሰው ነበር። ከዓባይ ማዶ የተፈነገሉ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚህ ተገዝተው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይነዱ ነበር። የጁቤ ከሌላው የከፋች ነበረች ማለታችን አይደለም። ንግዱ አገር አቀፍ ነበር፤ ሕጉ የመጨረሻውን በር የዘጋበትም በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ይህ ደግሞ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ዘመን ነው።

አሁን ያንን የመንዝ ታሪክ መልሱት። ሰውን ከዘመዱ ነጥሎ፣ ስሙን አስጥሎ፣ ሞተ ተብሎ ከተለቀሰለት በኋላ በሰው ቤት የሚያገለግል ሕያው ሬሳ የሚያደርገው ማነው? ተረቱ «ቀጥቃጩ ነው» ይላል። ታሪኩ ግን «ገበያው ነው» ይላል። በጣና ዳር በዘጌ ጥናት ያደረገው ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፉ የቡዳን ነገር ከባርነትና ከንግድ ታሪክ ጋር አብሮ ያነሣል። እኛም የየጁቤን ገበያ ስናስብ ያው ታየን። አገሩ ሰው እንደሚበላ ያውቅ ነበር። በላተኛውን ሲፈልግ ግን የሻጩንም፣ ቀረጥ የተቀበለውንም፣ የገዛውንም ደጃፍ አልፎ እጅግ ደካማው ሰው ቤት ገባ።

አማርኛችን ራሱ ይመሰክራል። ግብር ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ርስት ይበላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን፤ እንስቃለንም። ይህን ሁሉ የሚበላው ሰው ግን ጅብ ይሆናል ብሎ ማንም አልጠረጠረውም።

እንደምንችል ያሳየው ሰው በላ

«እንግዲያው እኛ ኢትዮጵያውያን ክፉና ደጉ የተቀላቀለበት ገጸ ባሕርይ አይገባንም ማለት ነው?» ትሉ ይሆናል። በፍጹም! ከሉዊም ከድራኩላም በፊት የኛ ሰው በላ ነበረ። በላዔ ሰብእ!

ታሪኩን በተአምረ ማርያም የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የቅምር ሰው ስምዖን እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሰይጣን እንግዳ መስሎ ገብቶ ልጅህን እረድልኝ አለው። አረደ፤ ቀመሰም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ አልጥመው አለ። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ወዳጆቹን ጨምሮ 78 ሰው በላ። አንድ ቀን ቁስል የወረሰው፣ ውሃ የጠማው ድኻ ለምጻም ለመነው። በብዙ ስም ቢለምነው እምቢ አለ፤ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት 78 ነፍስ በአንድ ወገን፣ ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን ተመዘነ። እመቤታችን ጥላዋን አሳረፈችበትና ውሃው መዘነ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኛችሁ ግድግዳው ላይ ሥላችሁትን አይታችኋል፤ የካቲት 16 ቀን ታሪኩን በስብከት ሰምታችኋል።

እስቲ ይህን ሰው ፍረዱት። ጥፋቱ የጀመረው በደግነቱ ነው፤ እንግዳ መቀበሉ ነው ያጠፋው። የዳነውም ከጥማድ የሚያርስ ጤነኛ ሰው አብልቶ አይደለም፤ ሁሉም የሚሸሸውን፣ ማንም የማይቀርበውን ለምጻም አጠጥቶ ነው። «በጥርኝ ውሃ እንዴት?» ብሎ የሚሞግት አማኝ ዛሬም አለ። «ነገሩ ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ምሕረቱ ነው» ብሎ የሚመልስም አለ። ከየጁቤ እስከ ብቸና፣ ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው አገር እኮ የቅኔ አገር ነው። ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ሰምና ወርቅ ሲፈለቀቅበት የኖረ ደብር። መጽሐፍ «አንድም፣ አንድም» እየተባለ የሚተረጎምበት ባህል ያለን ሰዎች፣ አንድን ፍጡር በብዙ መንገድ ማንበብ ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም።

ታዲያ 78 ሰው ለበላው «አንድም» ያልን ሰዎች፣ ማንንም ላልበላው ቀጥቃጭ «አንድም» ማለት ለምን አቃተን? መልሳችን አጭር ነው፤ በላዔ ሰብእ የሚኖረው መጽሐፍ ውስጥና ግድግዳ ላይ ነው። ቀጥቃጩ ግን መንደራችን ውስጥ ነው፤ ቢምሩት ደግሞ መሬትና ልጅ መስጠት ይመጣል። ለሥዕል ምሕረት ማድረግ ምንም አያስወጣም።

አዋጁና የቀረው

እኛም የማሪያ ቴሬዛን የመሰለ አዋጅ አልነበረንም አትበሉ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጁ፤ ሠራተኛን መስደብ እኔን መስደብ ነው አሉ፤ ቅጣትም አስቀመጡ። ግን ማሪያ ቴሬዛ የከለከለችው አካፋን ነበር፤ ምኒልክ የከለከሉት አፍን ነው። አካፋ ሲነሣ ይታያል፤ ሐሜት አይታይም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ከርስት ውጭ ለኖረው ባለ እጅም መሬት የማግኘት መብት ሰጠው። ይህ ከስድብ ክልከላው የበለጠ ሄደ። ሆኖም መሬት የሚሰጥ አዋጅ አማች አይሰጥም።

«ይህ የገጠር ጉዳይ ነው፣ እኛ ከተሜዎች ምን አገባን?» የሚል ካለ አንድ ነገር ይንገረን። ለመጨረሻ ጊዜ ጓደኛው ሊያገባ ሲል «ዘራቸው ግን ተጣርቷል?» ያለችው አክስት የት ነበር የምትኖረው? ኮንዶሚኒየም አይደለም? ዲግሪ ያላቸው ሁለት ልጆች የተለያዩት «ሰዎቹ ዓይነ ጥላ አለባቸው» ተብሎ አልነበረም? ቫምፓየር የምታፈቅረውም ከተማ፣ አጥንት የምታስቆጥረውም ከተማ አንድ ከተማ ናት።

ስለዚህ ቫምፓየር አትዩ አንልም። እኛም እናያለን፤ ኤድዋርድ ላይ የተጀመረው ክርክርም ገና አላለቀም። የምንለው፣ ቴፕ ሪከርደሩን ወደዚህም አዙሩት ነው። በቡዳ ስም ከመንደር የተገለለው ሰው በራሱ አፍ ቢናገር ምን ይል ነበር? ያኔ ክፉም፣ ደግም፣ ተንኮለኛም፣ የዋህም ሆኖ እናገኘዋለን። እንደማንኛችንም ማለት ነው።

የየጁቤው ጓደኛችን የዚያን ቅዳሜ ስንለያይ አንድ ነገር አከለ። እናቱ እስከ ዛሬ ቡና የምታፈላበትን ጀበና የሠራችውን ሴት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል። ቅጽል ስሟን ያውቃል፤ የሚወራባትንም ያውቃል። የክርስትና ስሟን ግን አያውቅም። ለፋሲካ አገሩ ሲገባ ጠይቆ እንዲመጣ የቤት ሥራ ሰጥተነዋል።